ወርቄ ይመር የምትባል የለችም

ኮልፌ፣ ጳጉሜን 1 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ክረምቱ ጉልበትሽን እንዴት አደረገው? ያ የላክሁልሽ ቅባት ትንሽ ያሳርፍሻል፣ ወይስ እንደ ልማድሽ ለእትዬ ዘመነች ሰጥተሽው አንቺ በጨው ውኃ እያሸሽ ነው? ላሚቱስ ወለደች? የጊንጪ ጭቃ ዘንድሮ ደጃፍሽ ድረስ እንደ ገባ ከዚያ የመጡ ሰዎች ነግረውኛል። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። እግዚአብሔር ይመስገን የሚለውን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። ወረቀቱ የቆሸሸው ለዚህ ነውና አትቀየሚኝ።

ደብዳቤውን በፖስታ አልላክሁትም። ጋሼ አየለ ሥራውን ትቶ ይዞልሽ ይመጣል። የሚያነብልሽ የነፍስ አባትሽ ይሁኑ፤ የጎረቤት ተማሪ ጠርተሽ እንዳታስነብቢ አደራ። ጋሼ አየለ በአፉ የሚነግርሽ አለ፣ መጀመሪያ እሱን ስሚው። እሱ የነገረሽን እኔ አልደግመውም፤ እጄም አይጽፈውም። እኔ የምጽፍልሽ እሱ የማያውቀውን ነው፤ ነገሩ እንዴት እንደ ሆነና ማን እንዳደረገው።

በሰኔ ብዙነሽን በጋሼ አየለ የጭነት መኪና አሳፍረሽ ስትልኪልኝ ያልሽው ከጆሮዬ አልጠፋም። ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ፣ ላነሣትም ላጥባትም አቃተኝ፣ ለአንድ ክረምት እንኳ አሳርፊኝ፣ ስሞትስ ካንቺ በቀር ማን አላት ብለሽ ነበር። እኔም አይዞሽ፣ እኔ አለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ መለስኩልሽ። የሁለታችንም ነገር ያረፈው በዚህች በአንዲት ቃል ላይ ነበር።

የሥራዬን ነገር በደንብ አስረድቼሽ አላውቅም። ትምህርት ቤት በክረምት ስለሚዘጋ፣ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ወዲህ ያለ ትምህርት ቤት ተከራይቶ ለስድስት ሳምንት እዚያው የሚያድር ሰው ያሰባስባል። ሃያ ስምንት ነበሩ። ጢም ያበቀሉ፣ ጡት ያወጡ፣ አእምሯቸው ግን ልጅነት ላይ የቆመባቸው። ሰፈሩ ጅሎች ይላቸዋል፤ በማኅበሩ ወረቀት ላይ ረጅም ስም አላቸው፤ እኛ ተንከባካቢዎቹ ልጆቹ እንላቸው ነበር። ብዙዎቹ ከጓዳ ወጥተው አያውቁም። የመጀመሪያ ቀን ሜዳው ላይ ስናወጣቸው ገሚሱ ብርሃኑን ፈርቶ አለቀሰ።

ለእያንዳንዳችን አራትም አምስትም ሰው ተሰጠን። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ኳስ ማጫወት፣ ቁልፍ መቆለፍ ማስተማር ነው ሥራችን። ከእኔ አምስቱ አንዱ ደሜ ነበር፤ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ፣ እናቱ ኮልፌ ገበያ ጉሊት የምትቸረችር። ያልሽውን ሁሉ ያደርጋል፣ አንዴ የነገርሽውን አይረሳም፣ መዋሸት የሚባል ነገር አያውቅም። ጉዲቱ የምትባል ደግሞ ቀኑን ሙሉ ትስቃለች፤ ምን አሳቀሽ ስንላት ይብስባታል፣ በኋላ እኛም አብረናት እንስቃለን። እና ብዙነሽ። ሐሙስ ሐሙስ እጅ ለእጅ አያይዘን በኮልፌ ገበያ እናዞራቸዋለን። አንዳንዱ ያማትባል፣ አንዳንዱ ሳንቲም ይወረውራል፣ እርጉዝ ሴት ካለች ፊቷን በነጠላ ሸፍና ታልፋለች። ደሜ ግን ሰላምታ ሳይሰጥ ያለፈው ሰው የለም። እኔ ከኋላ ከኋላ እየሄድኩ፣ ስድስት ሳምንት ፀሐይ አሳይተን መልሰን ጓዳ ልንቆልፍባቸው ምን አደከመን እል ነበር። ያኔም ተስፋ አልነበረኝም፣ አሁን ነው የመጣብኝ እንዳትይ።

የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል ተብዬ መዝገብ የመሙላቱ ሥራ ለእኔ ተሰጥቶኝ ነበር። ብዕሩን ይዤ ከብዙነሽ ፊት ተቀመጥኩ። ስም በሚለው ላይ ወርቄ ብዬ ጻፍኩ። የአባት ስም፣ ይመር። አድራሻ፣ ቀራንዮ። ተጠሪ፣ አባት። ይመር ማለት ጋሼ አየለ ነው፤ በመዝጊያው ቀን አባቷ ነኝ ብሎ መጥቶ እንዲወስዳት አስማምቼዋለሁ። ራሱን ነቀነቀ እንጂ እምቢ አላለኝም፤ የእኅቱ ልጅ ለምና እምቢ ብሎ አያውቅማ።

ለምን እንዳደረግኩት አንቺ አታጪውም። በግንቦት እኔን ለመኳንንት ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ቤታችን ሲመጡ ብዙነሽን ለእትዬ ዘመነች ሰጥተሽ ነበር። ስንት ወለድሽ ሲሉሽ አንድ ብለሻል። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰምቻለሁ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዳትይኝ ፈርቼ ነው እስከ ዛሬ ያላነሣሁት። ሽማግሌ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ቁምጥና አለ ወይ፣ የአእምሮ ነገር አለ ወይ ብሎ ሳይጠይቅ አይመለስም፤ አንቺም ለእኔ ብለሽ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነና ሁለታችንም ተቻችለን ዝም አልን። አንቺ አንድ ካልሽ በኋላ እኔ ሁለት ማለት አቃተኝ። ብቻ አንቺ ስትዋሺ ብዙነሽ ሁለት ቤት ተሻግራ ገንፎ ትበላ ነበር። እኔ ስዋሽ የት እንደ ነበረች ልንገርሽ።

አስቀድሞ ያስጨነቀኝ አፏ ነው። ከምታውቃቸው አሥር የማይሞሉ ቃላት አንዱ እታለም መሆኑን ታውቂያለሽ። በገባች በሁለተኛው ቀን እታለም፣ እታለም እያለች ሜዳውን ሰንጥቃ ስትመጣብኝ ሌሎቹ ተንከባካቢዎች ዞረው አዩኝ። ምን አደረግኩ መሰለሽ? አምስቱንም ሰበሰብኩና ከዛሬ ጀምሮ ሁላችሁም እታለም በሉኝ አልኳቸው። ሳምንት ሳይሞላ ሃያ ስምንቱም እታለም ይሉኝ ጀመር። አንዲት እኅት ለመካድ የሃያ ስምንት ሰው እኅት ሆንኩ። በብልሃቴ ኮርቼ እንደ ነበር አልደብቅሽም።

ቀጥሎ መብሉ መጣ። ብዙነሽ ካላጎረሷት አትበላም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ከአንቺ እጅ ነው የበላችው። ሚስ ብለን የምንጠራት ፈረንጅ ኃላፊያችን ደግሞ ማንም ማንንም እንዳያጎርስ ከልክላለች። ሁሉም በገዛ እጁ ይብላ፤ ነገ እናታቸው ስትሞት እነዚህ ሰዎች ወጥ ፊታቸው ተቀምጦ በረኃብ እንዳያልቁ ነው ብላ አስረዳችን። መጀመሪያ ላይ ድንቄም ብዬ ነበር፤ ሰው ማጉረስ ምን ነውር አለው? ግን ልክ ነበረች እማዬ። ሌሎቹን አራቱን በገዛ እጃችሁ ብሉ፣ እርስ በርስም አትጎራረሱ እያልኩ አስተማርኩ። ብዙነሽን ግን በየቀኑ ከወጥ ቤቱ ጀርባ እወስዳትና ተደብቄ አጎርሳት ነበር። አንጀቴ አልችል ብሎ ነው። እንዳትከሳ፣ ከስታ ብታገኛት እናቴ ምን ትለኛለች እያልኩ።

አንድ ቀን ሚስ ደረሰችብን። ትጮኽብኛለች፣ ታባርረኛለች ብዬ ስጠብቅ አልጮኸችም። አንቺ የማትኖሪ ቀንስ ምን ትሆናለች ብላ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ጠየቀችኝ። ነገ አስተምራታለሁ አልኳት። ብዙ ነገ አልፏል ከዚያ ወዲህ።

የመዝጊያው ቀን ቅዳሜ ነሐሴ 20 ነበር። ጋሼ አየለ ሐሙስ ዕለት ጭነት ይዞ ወደ ጅማ ወርዷል፣ ዓርብ ማታ እገባለሁ ብሎኝ። ጊቤ ሞልቶ መንገዱ ተቆረጠና ከነመኪናው እዚያው ቀረ። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ሁሉ በሩን በሩን አያለሁ። ወላጆች በጋሪም በእግርም መምጣት ጀመሩ። ከእነሱ መካከል ጃንጥላ ይዞ መኳንንት ብቅ አለ፤ እናቱን እትዬ ጽጌማርያምን አስከትሎ። አልጠራሁትም። ሥራዋን እንያት ብሎ፣ እናቱን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ይዟቸው መጥቶ ነው። ልጆቹ ሁሉ እታለም፣ እታለም እያሉ ሲከቡኝ እትዬ ጽጌማርያም ደስታቸው ወሰን አጣ። እንዲህ የምትወደድ ምራት ሰጠኝ ብለው ጉንጬን ሳሙኝ።

ጾሙ ተፈቶ ስለ ነበር የሥጋ ወጥ ተሠርቶ ምሳ ቀረበ። እኔ ከመኳንንትና ከእናቱ አጠገብ እንድቀመጥ ተደረገ። ማዕዱ እንደ ተጀመረ ብዙነሽ ከረድፏ ስትነሣ አየኋት። በእጇ ጉርሻ ይዛለች። እማዬ፣ በገዛ እጇ እንጀራ ቆርሳ፣ ወጥ አጥቅሳ፣ ጠቅልላ ይዛለች! በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሚስ ከወዲያ ማዶ አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ብዙነሽ ግን ለራሷ አልጎረሰችውም። ሰዉን ሁሉ አልፋ ወደ እኔ መጣች፤ እታለም አለችና እጇን ወደ አፌ ዘረጋች። ጉርሻ ለካ የምታውቀው ለሰው የሚሰጥ ነገር አድርጋ ነው። ከእኛ ሌላ ምን አይታ ታውቃለች?

አንገቴን አዞርኩ። ሂጂ ለደሜ ስጪው አልኳት። አልሄደችም። እጇን እንደ ዘረጋች ቆመች፤ ወጡ በክንዷ ተንቆርቁሮ እስከ ክርኗ ወረደ።

እትዬ ጽጌማርያም ናቸው የገላገሉኝ። ነይ ልጄ እኔን አጉርሺኝ ብለው አፋቸውን ከፈቱላት፣ ጎረሱ፣ ክንዷን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት፣ እግዜር ይማርሽ ብለው ግንባሯን ሳሟት። መልካም ሴት ናቸው። እሷ ወደ ቦታዋ ከተመለሰች በኋላ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ እንዲህ ያለች እኅት ያለቻትን ልጅ ማን ደፍሮ ያገባል፣ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነገር ነው አሉ። ክፋት አልነበረበትም፤ ስለ ዝናቡ በሚያወሩበት ድምፅ ነው ያሉት። መኳንንት እንጀራውን ቆረሰ። ምን ሊል እንደ ነበር አላውቅም፤ ጠይቄውም አላውቅ።

ከምሳ በኋላ አስተዳዳሪያችን አቶ ወልደሰንበት መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ስም መጥራት ጀመሩ። ቤተሰብ ይመጣል፣ ዝምድና በሚለው አምድ እናት፣ አባት፣ አጎት ተብሎ ይሞላል፣ ይፈርማል፣ ይወስዳል። ጉዲቱን አባቷ በጋሪ ወሰዷት፤ እየሳቀች ሄደች። ወርቄ ይመር ተባለ። መልስ የለም። ሁለተኛ ተጠራ። ብዙነሽ ስሟ ስላልሆነ ቀና እንኳ አላለችም፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። አቶ ወልደሰንበት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የዚችን ልጅ ቤተሰብ የሚያውቅ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ወደ እኔም ዞሩ። አንቺ ነሽ የመዘገብሻት፣ ታውቂያቸዋለሽ አሉኝ። ብዕሩ ከፊቴ ነበር። መኳንንት ጃንጥላውን ዘርግቶ አጠገቤ ቆሞ ይጠብቀኛል።

አላውቅም አልኩ። ዝም አላልኩም እማዬ፤ በአፌ አላውቅም ነው ያልኩት። ተንከባካቢ በሚለው ቦታ ላይ ፈርሜ በመኳንንት ጃንጥላ ሥር ወጣሁ።

ቤተሰብ ያልመጣላቸው ሁለት ሆኑ፣ እሷና ደሜ። የደሜ እናት ታማ አልጋ ላይ ውላለች ተባለ። ሁለቱ ሰኞ ጠዋት ከከተማው ሌላኛው ጫፍ ወዳለ አንድ መጠለያ ሊወሰዱ ተወሰነ። እኔ በልቤ፣ እሑድን እነመኳንንት ቤት ተጠርቻለሁ፣ ሰኞ በማለዳ አቶ ወልደሰንበትን ለብቻቸው አግኝቼ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሰኞ ስደርስ መኪናው ሄዷል። ማክሰኞ እሄዳለሁ አልኩ፤ ማክሰኞ ልብስ ሰፊው ዘንድ ስለካ ዋልኩ። ረቡዕ ዘነበ። በክረምት ዘንቦ አያውቅም? ሐሙስና ዓርብ ጋሼ አየለ ይመጣ ይሆናል፣ እሱ ይመር ነኝ ብሎ ያወጣታል ብዬ ጠበቅኩ። ቅዳሜ ደግሞ፣ በማግስቱ እሑድ ነሐሴ 28 የመኳንንት ወገኖች የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ ነው፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ቀን ምን አላት አልኩ። ጥር 13 ተባለ። እልል ተባለ። እኔም እጄን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅኩ። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት ተረት እውነት ነው፤ እኔ ግን የፈራሁት ሌላ፣ የደረሰብኝ ሌላ።

ሰኞ ሄድኩ። ዳቦ ገዝቼ፣ የእኔን ሹራብ ይዤላት፣ በአንበሳ አውቶቡስ ከመጨረሻው ፌርማታ ወርጄ ጭቃውን በእግሬ ሄድኩ። በሩ ላይ ዘበኛ አለ። ማንን ትፈልጊያለሽ አለኝ። ወርቄ ይመርን አልኩት። ምንሽ ናት አለኝ። እኅቴ ናት አልኩት።

ቀላል ነበር እኮ እማዬ። አንድ ቃል ነው። ሰማይ አልተደፋም፣ ዘበኛውም አልደነገጠም። እንደ ሰማኝ ባርኔጣውን አወለቀና ቆዪ እስቲ እመት ብሎ ሌላ ሰው ሊጠራ ገባ። አልጋዋን አሳዩኝ። ብርድ ልብሱ ታጥፎ ከራስጌው ተቀምጦ ነበር።

ደሜ ግቢው ውስጥ አገኘኝ። እታለም ብሎ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ነገሩን ሁሉ የነገረኝ እሱ ነው። ወርቄ ማዕድ ሲቀርብ አፏን ከፍታ ትቀመጥ ነበር አለኝ። ሠራተኞቹ የምታሾፍባቸው መስሏቸው ሳህኑን ፊቷ አስቀምጠው ያልፋሉ፤ በኋላ መጥተው እንዳለ ያነሡታል። በማግስቱም አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። አንተስ ለምን አላጎረስካትም ብዬ ጮኽኩበት። ደንግጦ አየኝ። እታለም፣ አንቺ አትጎራረሱ ብለሻል አለኝ። ከዚያ ሳል ያዛት፤ ቀጥሎ አፏን መክፈቱንም ተወችው አለኝ። ዳቦውን ለእሱ ሰጠሁት። በገዛ እጁ በላ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ጋሼ አየለ ነግሮሻል። እሱ ትናንት ነው ከጅማ የገባው፤ ከመኪናው ሳይወርድ ነገርኩት። እሱን አትቆጪው፤ የእሱ ጥፋት የእኔን ቃል መስማቱ ነው። መኳንንት ትናንት ጥቁር ለብሼ ሲያየኝ ምነው አለኝ። የሩቅ ዘመድ ናት አልኩት። አዎ፣ ትናንት ማለቴ ነው፤ ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ። ስለዚህ ልጄ ተጸጽታለች ብለሽ ለእኔ አታልቅሺ፤ የመጸጸቱንም ወግ አላወቅኩበትም። ወደ ጊንጪ ከጋሼ አየለ ጋር ያልመጣሁትም ፊትሽን የማይበት ዓይን ስላጣሁ ነው።

አሁን አንድ ነገር እለምንሻለሁ። መጠለያው ያስመጣቸው ካህን ስሟን ሲጠይቁ መዝገቡን አይተው ወርቄ ብለው ሰጥተዋቸዋል። ያን ሁሉ ጸሎት ያደረሱት በወርቄ ስም ነው። ወርቄ ይመር የምትባል የለችም፤ እኔ ነኝ በብዕሬ የፈጠርኳት። ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ሄጄ ደግመው እንዲያደርሱላት ለመንኩ። ካህኑ የክርስትና ስሟን ጠየቁኝ። አላወቅኩትም እማዬ። የእኔን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የእሷን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄሽ አላውቅም። የነፍስ አባትሽ በወረቀት ጽፈው ለጋሼ አየለ ይስጡልኝ። አርባው ጥቅምት 1 ቀን ይውላል፤ ከዚያ በፊት ይድረሰኝ። ስሟን በትክክል ይጻፉት፣ ፊደል እንዳይሳሳት።

ብቻሽን አትደሪ፤ እትዬ ዘመነች ካንቺ ዘንድ ይሰንብቱ። መሬት ላይ አትተኚ፣ ጉልበትሽ አይችለውም። ማርያም ከደጅሽ አትራቅ፣ እንባሽን እሷ ትቁጠርልሽ። በደብዳቤ መጨረሻ ምርቃትሽን እጠይቅሽ ነበር፤ ዛሬ አልጠይቅሽም።

ልጅሽ፣
የብዙነሽ እኅት